መርከብ የዘረፈ እና ስልክ ቁጥር የጠየቀ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጨዋታ ነው። ስለ ኳስ አይደለም። በስልክና በኮምፒውተር፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር፣ ያውም ጠፈር ላይ ስለሚካሄድ ጨዋታ ነው። "ይሄ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?" የምትሉ ወላጆች ጣቢያውን አትቀይሩብን፤ ወደ እናንተም እንመጣለን።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምትኖሩ ትመሰክራላችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ኳስ የሚያሯሩጡ ልጆች እንዳሉ ሁሉ፣ ደረጃው ላይ ተደርድረው ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩም አሉ። ላፍቶ፣ መካኒሳ፣ ጎፋ፣ ለቡ ብትሄዱም ያው ነው። ቤቱ ዋይፋይ ያለው አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ የሌለው ጌም ቤት ገብቶ በሰዓት እየከፈለ ይጫወታል። እናት "ብቻውን ቁጭ ብሏል፤ ከማንም ጋር አልተጣላም" ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ብቻውን ግን አይደለም። ያን ሰዓት አብሮት ያለው ሰው ብራዚል፣ ሪያድ፣ ወይም ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ የማደርገው ኢቭ ኦንላይን የሚባለውን ጨዋታ ነው። ሲሲፒ የተባለ የአይስላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ነው፤ ከዚህ በኋላ ስለ ጨዋታዎቹ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። እንደ ፐብጂ ወይም እንደ ፍሪ ፋየር በየሰፈሩ ስሙ የሚነሳ አይደለም፤ ይሁንና ከሌላ ተጫዋች ራስን መጠበቅን የሚያስተምር ከእሱ የበለጠ ጨዋታ አላውቅም። ምክንያቱም እዚያ ውስጥ መዝረፍ ተፈቅዷል። ማጭበርበር ተፈቅዷል። አብሮ የዋለ ያደረ ጓደኛን መክዳትም ተፈቅዷል። "ተዘረፍኩ" ብላችሁ ለኩባንያው ብትጽፉ፣ ዘራፊው የጨዋታውን ደንብ እስካልጣሰ ድረስ ንብረታችሁን አያስመልስላችሁም።

ጨዋታው ከ7,000 በላይ የኮከብ ሥርዓቶች ያሉት አንድ ሰፊ ዓለም ነው። ማዕድን ይቆፈራል፣ ይነገዳል፣ ዕቃ ይመላለሳል፣ ውጊያም ይካሄዳል። የተመታ የጠፈር መርከብ ተመልሶ አይመጣም፤ ወራት የተለፋበት ቢሆንም ጠፋ ማለት ጠፋ ነው። ከ2016 ወዲህ በነጻ መጀመር ይቻላል፤ በ2020 ደግሞ ኢቭ ኤኮስ የተባለ የስልክ ወንድሙ ወጥቷል። ለእኛ ኔት የሚመች አንድ ጠባይም አለው፦ ዋናው ኮምፒውተር የተጫዋቾችን ትእዛዝ የሚያስተናግደው በሰከንድ አንዴ ስለሆነ፣ ኔቱ ትንሽ ቢዘገይ እንደ ተኩስ ጨዋታዎቹ ወዲያው አያስገድልም።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

እንግዲህ ወደ ጠፈሩ እንግባ። እያንዳንዱ የኮከብ ሥርዓት የደህንነት ቁጥር አለው። ከ1.0 እስከ 0.5 ያለው የተጠበቀ የሚባለው ክልል ነው። እዚያ ኮንኮርድ የሚባል የጠፈር ፖሊስ አለ፤ ሰው ሳይነካው ሰውን የመታ መርከብ ካለ መጥቶ ያጠፋዋል። ጀማሪ ይህን ሲሰማ ልቡ ያርፋል፤ የሚበላውም በዚህ ነው። ኮንኮርድ ይቀጣል እንጂ አያድንም። የደህንነት ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን መምጫው ይዘገያል፤ 0.5 ላይ ሃያ ሰከንድ ገደማ ሊፈጅበት ይችላል። ዘራፊዎቹ ደግሞ ይህችን ሰከንድ ቆጥረው ነው የሚመጡት። በርካሽ መርከቦች ተሰባስበው፣ እንደሚሞቱ እያወቁ ይተኩሳሉ። ጭነት የያዘው መርከብ ይፈነዳል፣ የነሱም ይወድማል፤ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ግብረ አበራቸው ከፍርስራሹ የተረፈውን ለቅሞ ይሄዳል። ከተጫነው በአማካይ ግማሽ ያህሉ ይተርፋል። ስለዚህ ሒሳባቸው ቀላል ነው፦ የጭነቱ ግማሽ ዋጋ ከራሳቸው መርከቦች ዋጋ ከበለጠ ይመታሉ፤ ካነሰ ያሳልፋሉ። ዩዳማ የሚባለው የ0.5 ሥርዓት በዚህ ሥራ ስሙ የገነነ ነው።

መከላከያውም የሚወጣው ከዚሁ ሒሳብ ነው። ከመርካቶ ሸምቶ ወደ ጀሞ የሚመለስ ነጋዴ ገንዘቡን ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ እንደማይከት፣ ልምድ ያለው ተጫዋችም ጭነቱን ከፋፍሎ በተለያየ ጉዞ ያደርሳል። ርካሽ መርከብ ላይ ውድ ዕቃ አይጭንም። በተለይ ደግሞ መርከቡን ለራስ ነጂው አሳልፎ አይሰጥም፤ ራስ ነጂው ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ከሚያሸጋግረው በር ራቅ አድርጎ ስለሚያወርድ፣ የቀረውን መንገድ እያዘገመ የሚጓዝ ጥሩ ዒላማ ይሆናል። "እስኪደርስ ቡና ላፍላ" ብሎ የተነሳ ሰው ሲመለስ የሚያየው ፍርስራሽ ነው።

ከ0.5 በታች ፖሊስ የለም። እዚያ የሚያድነው ዓይን ነው። ስክሪኑ ዳር ላይ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ተጫዋቾች ሁሉ ስም ዝርዝር አለ፤ የማያውቁት ስም ሲገባ ጥሩ ተጫዋች ማዕድኑን ጥሎ ወደ ጠፈር ጣቢያ ይገባል። አያፍርም። ሊያፍር የሚገባው "ምን ያመጣል?" ብሎ የቀረው ነው። አካባቢን የሚቃኝ መሣሪያም አለ፤ በየጥቂት ሰከንዱ እየተጫነ ማን እየቀረበ እንደሆነ ያያል። ሌላም አንዲት ቁልፍ አለች፣ ሴፍቲ የምትባል፤ አረንጓዴ ላይ ከሆነች በስህተት ሕግ አታስጥስም። ወጥመደኞች መንገድ ላይ ሳጥን ጥለው ይሄዳሉ፤ ከሳጥኑ ያነሳ ሰው እንደ ሌባ ይቆጠራል፤ ማንም ቢመታው ፖሊስ አይመጣለትም። ቁልፏ አረንጓዴ ከሆነች ግን ሳጥኑን ጨርሶ አታስነካም።

መብራትስ ሲሄድ? ይህን የውጭ ሀገር መምህራን ብዙም አያነሱትም፤ ለእኛ ግን ቁም ነገር ነው። ኢቭ ላይ ግንኙነት ሲቋረጥ መርከቡ በራሱ ወደ ሩቅ ቦታ ለመሸሽ ይሞክራል፤ ውጊያ ላይ ካልነበረ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከጠፈሩ ይሰወራል። ሌላ ተጫዋች ላይ ተኩሶ ከነበረ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ያለ ባለቤት እዚያው ይቆያል። ጠላት መሸሻውን ቆልፎበት ከሆነም አይሸሽም። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ወይም የዳታ ፓኬጁ ሊያልቅ ሲል ውጊያ አይጀመርም። ላፕቶፕ ባትሪ ያለው፣ ዋይፋዩ ሲጠፋ ወደ ስልክ ዳታ መዞር የሚችል ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

(ድልድይ)

እስካሁን ያወራነው ስለ ጥይት ነው። ብዙ ሰው በኢቭ ውስጥ ንብረቱን የሚያጣው ግን በምላስ ነው።

ጂታ የሚባል ትልቁ የገበያ ሥርዓት አለ። እዚያ ቻቱን ብትከፍቱ "የላካችሁልኝን እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ" የሚል ጽሑፍ ይጎርፋል። የሚያስገርመው፣ መጀመሪያ ላይ በእርግጥም ይመልሳል! ትንሽ ትልካላችሁ፣ እጥፉ ይመጣል። ትጨምራላችሁ፣ እሱም ይመጣል። ያላችሁን ሁሉ ስትልኩ ዝም ይላል። ይህ ዘዴ ጠፈር ላይ ብቻ እንዳልቀረ ለአዲስ አበባ ሰው አልነግረውም።

በ2005 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚወራ ዘረፋ ተፈጸመ። ጋይዲንግ ሃንድ ሶሻል ክለብ የተባለ የተጫዋቾች ቡድን፣ ኡቢኳ ሴራፍ የተባለ ሌላ ቡድንን እንዲያጠፋ ተቀጠረ። አባላቱን አንድ በአንድ አስርጎ አስገባ። ለአንድ ዓመት ገደማ አብረው ሠሩ፣ አብረው ተዋጉ፣ ተሾሙ፣ የመጋዘን ቁልፍ ተሰጣቸው። ከዚያ በአንድ ቀን መሪዋን ገደሉ፣ መጋዘኖቹን ገለበጡ። የተወሰደው ንብረት በውጭው ገንዘብ ሲተመን 16,500 ዶላር ገደማ ነበር። ሲሲፒ ማንንም አልቀጣም፤ ጨዋታ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ አደጋ የተለየ መልክ አለው። በሺህ የሚቆጠር ባዕድ በሚርመሰመስበት ጨዋታ ውስጥ አንድ ሰው በአማርኛ "ሰላም ብሮ፣ አበሻ ነህ እንዴ?" ብሎ ሲጽፍ ልብ ይቀልጣል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው የማንናገረውን ለእሱ እንዘረግፋለን። ሰፈር እንጠይቃለን፣ ሰፈር እንናገራለን፤ አካውንት እናውሳለን። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ እኔም ደግነቱን አልጠላም። ነገር ግን የሀገር ልጅነት መተዋወቂያ እንጂ የመጋዘን ቁልፍ መስጫ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2009 ኢቭ ውስጥ ኢባንክ የተባለ፣ ተጫዋቾች ያቋቋሙት ባንክ ነበር። ሰው የጨዋታ ገንዘቡን ያስቀምጥበታል፣ ይበደርበታል። ሪክዲክ በሚል ስም ይጫወት የነበረ አውስትራሊያዊ ኃላፊው ወደ 200 ቢሊዮን የሚጠጋ የጨዋታ ገንዘብ ወስዶ በ6,300 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ሸጠው። ገንዘቡን ለቤት ቅድመ ክፍያና ለልጁ ሕክምና እንዳዋለው ራሱ ተናግሯል። ሲሲፒም አባረረው። የተባረረው ግን በስርቆቱ አይደለም! የባንኩን ገንዘብ ጨዋታው ውስጥ ቢዘርፍ ኖሮ አይነካም ነበር። የተባረረው የጨዋታውን ገንዘብ በእውነተኛ ገንዘብ ስለሸጠ ነው።

በ2014 ሌላ ነገር ተከሰተ። አንድ አጭበርባሪ ተጫዋቾችን "ሽልማት አለ" እያለ ንብረታቸውን ከተቀበለ በኋላ፣ ከጨዋታው ውጭ ወዳለ የድምፅ ክፍል እየጠራ "ይህን ዘፍን፣ ያንን አንብብ" እያለ ያዋርዳቸው ነበር። እሱና ግብረ አበሮቹ አንዱን ተጫዋች በንዴት እስኪጮህ ድረስ ለሰዓታት ሲያሰቃዩት የተቀዳው ድምፅ ወጣ፤ የኢቭ ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ጨዋታ ነው፣ መውጣት ይችል ነበር" አለ። በመጨረሻ ያ አጭበርባሪ ታገደ። እኔ የታገደው ዘግይቶ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ።

ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ስታዩዋቸው መስመሩ ይታያችኋል። መርከቤን የዘረፈኝ ተጫዋች ነው፤ ነገ እኔም ልዘርፈው እችላለሁ። ስልክ ቁጥሬን፣ ፎቶዬን፣ የይለፍ ቃሌን፣ ቤቴን የጠየቀኝ ግን ጨዋታውን ትቶ ወጥቷል። የመጀመሪያው ቢያናድድም ጨዋታ ነው። ከሁለተኛው ጋር መጫወት የለም፤ መልስ አለመስጠት፣ ብሎክ ማድረግ፣ ሪፖርት ማድረግ ነው።

ይህ መስመር በሰፈራችን እንዴት እንደሚታለፍ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችን ውጭ ሀገር የሚከፈልበት ካርድ የለንም። ስለዚህ ልጆች የጨዋታ ገንዘብ የሚገዙት ቴሌግራም ላይ ካሉ አሻሻጮች ነው፤ ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል። ሐቀኛ ሻጭ አለ። ግን "አካውንትህን ከነይለፍ ቃሉ ስጠኝ፣ ገብቼ ልሙላልህ" የሚል ካለ እዚያው ላይ ንግግሩ ያብቃ። እንደ ፐብጂና ፍሪ ፋየር ያሉት ጨዋታዎች ለመሙላት የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ይበቃቸዋል። "ስልክህ ላይ ኮድ መጥቷል፣ አንዴ ላክልኝ" የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ያ ኮድ የቴሌግራሙ ወይም የአካውንቱ በር ነው፣ ላኪው በዚያው ቅጽበት ገብቶ ባለቤቱን ያስወጣል። ጌም ቤትና ኢንተርኔት ካፌ የምትጫወቱ ደግሞ ስትነሱ ከአካውንታችሁ ውጡ፤ ብራውዘሩ "የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?" ሲላችሁ እምቢ በሉት። ለጨዋታው የምትጠቀሙበት የይለፍ ቃል ከኢሜይላችሁ የተለየ ይሁን።

ስለ አድራሻም አንድ ነገር አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎክ ቁጥርና የቤት ቁጥር ካወቀ፣ ማንም ሳይጠይቅ በሩ ድረስ ይደርሳል። "ጀሞ ሁለት ነኝ" ማለት ብዙም ላያስከፋ ይችላል፤ ብሎኩን መጨመር ግን ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። የተማሪ ቤት ዩኒፎርም ለብሶ የተነሱትን ፎቶ መለያ ማድረግም ያው ነው። "እኔም ላፍቶ ነኝ፣ ጀርመን አደባባይ እንገናኝ" ያለ የጨዋታ ጓደኛ ካለ፣ ልጅ ብቻውን አይሄድም። በቃ።

ሴቶች ልጆች ይህን ሁሉ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ድምፃቸው በማይክ በተሰማበት ደቂቃ ስድብ ወይም "ፎቶ ላኪ" ይጀምራል። ብዙዎቹ ጾታ የማይለይ ስም ይዘው፣ ማይኩን ዘግተው ይጫወታሉ። ይህን ሸክም እነሱ ብቻ ሊሸከሙት አይገባም ነበር፤ አብሯቸው የሚጫወተው ወንድ ልጅ ዝም ማለቱን ትቶ ተሳዳቢውን ከቡድኑ ቢያስወጣ ነገሩ በአንድ ቀን ይቀየራል።

(ድልድይ)

ወላጆች፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው።

ትንንሾቹ ከሚወዷቸው የጠፈር ጨዋታዎች አንዱ አማንግ አስ ነው፤ በ2018 የወጣ፣ በ2020 በዓለም የተስፋፋ ነው፤ ጨዋታው በመንኮራኩር ውስጥ ተደብቆ የገባውን አታላይ ፈልጎ ማግኘት ነው። በ2021 አዘጋጆቹ ሕፃናት እንደልባቸው እንዳይጻጻፉ፣ ከተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ እንዲመርጡ የሚያደርግ ሥርዓት አስገቡ። ጥሩ ነው። ግን ጨዋታው ዕድሜን የሚያውቀው ከተሞላለት የትውልድ ዓመት ነው። የእኛ ልጅ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ከሞላ፣ ጨዋታው ሰባት ስምንት ዓመት ጨምሮ ይቆጥርለታል! በ2008 ዓ.ም. የተወለደ የአሥር ዓመት ልጅ ጎረምሳ ተብሎ ይገባል፤ ለሕፃን የተዘጋጀው መከለያም ሁሉ ይነሳለታል። ሳይዋሽ፣ ሳያውቀው። ይህ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ዕድሜ ለሚጠይቅ አካውንት ሁሉ ይሠራል። አካውንቱ ሲከፈት አጠገቡ ሁኑና በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉለት።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል። ልጁ መስመሩን ያለፈ ሰው ቢያጋጥመው ለእናንተ ይነግራል? በየቤቱ የማየው፣ ልጅ አንድ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ቅጣት ስልኩን መንጠቅ ነው። ልጁም ይህን ያውቃል። የሚያስፈራራውም ሰው ያውቃል፤ "ለእናትህ ብትነግር ስልክህን ትወስድብሃለች፣ እኔም ፎቶህን እበትናለሁ" ይለዋል። ልጁ ዝም ይላል፣ የተጠየቀውን ይልካል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይጠየቃል። ስለዚህ ዛሬ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ "የሆነ ነገር ቢያጋጥምህ ንገረኝ፤ ስልክህን አልወስድም፣ አልቆጣህም" በሉት። ሲነግራችሁም ቃላችሁን ጠብቁ። ለአስፈራሪ ገንዘብ አትላኩ፤ የከፈለ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ንዴት ይዟችሁ ቻቱን አታጥፉት፤ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፣ የተጠቃሚ ስሙንና ቀኑን ያዙ። ያ ማስረጃ ነው።

ሕግም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላን ሰው አካውንት ያለ ፈቃድ መክፈትን፣ በኮምፒውተር ማጭበርበርን፣ ማስፈራራትን፣ በተለይም በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የብልግና ድርጊትን ወንጀል አድርጓል። "ጌም ላይ የተደረገ ነው" የሚል መከላከያ የለውም። ጠፈር ላይ የወደመ መርከብ ለፖሊስ አይከሰስም፤ የተሰረቀ አካውንት፣ የተወሰደ ብር፣ የተደረገ ዛቻ ግን ይከሰሳል።

(የመውጫ ሙዚቃ ከታች ይጀምራል)

ቁጥሮቹን ያዙልን። ከቴሌብር ብር ተወስዶባችሁ ከሆነ ወደ 127፣ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ከሆነ ወደ 951 በቶሎ ደውሉ፤ ለዛቻና ለወንጀል የፖሊስ ቁጥር 991 ነው፣ ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ማስረጃውን ይዛችሁ ሂዱ።